«ተሽሎኛል» ብለው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒትዎን አያቁሙ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለሁ አንዲት እናት የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸውን በሁለት ጎረቤቶች አስደግፈው ይዘውት ገቡ። የልጁ አንገት ወደ ግራ ተጣሞ ቀርቷል፤ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለዋል፤ መንጋጋው ስለተያዘ መናገር አይችልም። እናትየው «ያ ነገር ተመልሶበት ነው፤ አሁን ደግሞ አንገቱን ያዘው» እያሉ ያለቅሳሉ። ጠጋ ብዬ ሳየው ላቡ ይወርዳል፤ እጄን አጥብቆ ይዞኛል፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። በእናትየው ፌስታል ውስጥ የነበረውን የመድኃኒት ወረቀት ስመለከት ከሦስት ቀን በፊት ሃሎፔሪዶል የተባለ መድኃኒት እንደተጀመረለት ተረዳሁ። ፕሮሜታዚን የተባለ መርፌ ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንገቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። መጀመሪያ የወጣው ቃል «ውሃ» የሚል ነበር።

አንገቱን ያጣመመው በሽታው አልነበረም፤ ለበሽታው የተሰጠው መድኃኒት ነበር። በሕክምናው ቋንቋ ድንገተኛ ዲስቶኒያ ይባላል። ሲያዩት እጅግ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚስተካከል፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከሰት ችግር ነው። ሊደርስ እንደሚችል ግን ለእናትየውም ሆነ ለልጁ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሊወጡ ሲሉ የተረፉትን ክኒኖች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ይህን መርዝ ሁለተኛ አላቀምሰውም» አሉኝ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ የምል ይመስለኛል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ነው። ሕሙማን መድኃኒቱን የሚያቆሙባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። አንደኛው እንደዚያች ሌሊት የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲያስደነግጣቸው ወይም ሲያሰለቻቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ድኛለሁ» ያሉ ቀን ነው። በሁለቱም ወቅት ለሐኪም ሳይነገር የሚወሰድ እርምጃ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። (የእናትና ልጁን ታሪክ የጻፍኩት በፈቃዳቸው ነው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

በሽታው ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ አስተሳሰብን፣ ስሜትንና እውነታን የመለየት ችሎታን የሚያውክ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከ300 ሰዎች አንዱ፣ ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ የዕድሜ ክልል ሲሆን በወንዶች ላይ ከሴቶች ቀደም ይላል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባበት፣ ሥራ በያዘበት፣ ቤተሰብ «አሁንስ አረፍን» ባለበት ሰዓት መምጣቱ ሐዘኑን ያከብደዋል።

አንዳንዱ ምልክት ጎልቶ የሚታይ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል፣ ምግቤን ይመርዙታል፣ ሐሳቤን ይሰርቁኛል» የሚል በማስረጃ የማይናወጥ እምነት፣ የተዘበራረቀ ንግግር ይገኙበታል። ሌላው ምልክት ግን ድምፅ የለውም። ሰውየው ከሰው ይርቃል፤ ገላውን መታጠብ ይተዋል፤ ፊቱ ላይ ስሜት አይነበብም፤ ምንም ነገር ለመጀመር ጉልበት ያጣል። ቤተሰብ ይህንን ሁለተኛውን «ስንፍና» ይለዋል። ስንፍና አይደለም፤ የበሽታው አካል ነው። ይህንን ልዩነት እዚህ ላይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መድኃኒቶቹ የመጀመሪያውን ዓይነት ምልክት በደንብ ሲያስታግሱ ለሁለተኛው ዓይነት የሚሰጡት እርዳታ ግን አነስተኛ ነው። «ድምፁስ ጠፋ፤ ግን ለምን እንደ ድሮው አልሆነም?» የሚለው የብዙ ወላጆች ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ መመለስ፣ የቤተሰብ ትዕግሥትና ምክር ከክኒን የበለጠ ይሠራሉ።

መድኃኒቶቹ ከየት መጡ? እንዴትስ ይሠራሉ?

የመጀመሪያው ጸረ ሳይኮሲስ መድኃኒት የተገኘው ለአእምሮ ሕመም ታስቦ አልነበረም። አንሪ ላቦሪ የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለማደንዘዣ የሚያግዝ መድኃኒት ሲሞክር፣ ክሎርፕሮማዚን የተሰጣቸው ሕሙማን ሳይተኙ እንደሚረጋጉ፣ በዙሪያቸው ስለሚሆነው ነገር ብዙም እንደማይጨነቁ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዣን ደሌ እና ፒየር ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች በፓሪስ ሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ለዓለም አሳወቁ። ከዚያ በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው ተዘግቶበት መኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ቤልጂየማዊው ፖል ያንሰንና ባልደረቦቹ ሃሎፔሪዶልን አገኙ። ሁለቱም መድኃኒቶች ዛሬም በእኛ ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ አሉ። በኋላ የመጡት ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን የተገኙት ከእነዚህ ብዙ ዓመታት ቆይተው ነው።

አሠራራቸውን በቀላሉ ለመረዳት ይህንን ያስቡ። ታክሲ ውስጥ ከኋላዎ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይሳሳቃሉ። እርስዎ ሰምተው ያልፉታል፤ አእምሮዎ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ጥሎታል። ዶፓሚን የተባለው በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ «ይህ ነገር ይመለከትሃል፣ ልብ በል» የሚል ምልክት መስጠት ነው። በስኪዞፍሬኒያ ጊዜ ይህ ምልክት ያለ ቦታው ይበዛል። የሰዎቹ ሳቅ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የሬዲዮው ዜና ሁሉ ስለ እሱ የሚናገር ይመስለዋል። አእምሮ ደግሞ ምክንያት ሳያገኝ አያርፍምና «ሊያጠፉኝ ተስማምተዋል» የሚል ታሪክ ይሠራለታል።

ጸረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በአብዛኛው ዶፓሚን የሚያርፍበትን መቀበያ በከፊል ይይዛሉ፤ ምልክቱም ይቀንሳል። «በከፊል» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ጥቅሙ የሚገኘው ከመቀበያዎቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ ነው። ከ80 በመቶ አካባቢ በላይ ሲሆን ግን ተጨማሪ ጥቅም ሳይኖር የእንቅስቃሴ ችግር፣ ማለትም መገተር፣ መንቀጥቀጥና መጣመም ይበዛል። ስለዚህ «ይህ መጠን አልሠራለትም፤ እጥፍ ያድርጉለት» የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ ከቅን ልብ ቢመጣም ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። እኛ ሐኪሞችም አንዳንዴ በዚህ እንሳሳታለን።

መድኃኒቱ የሕመሙን ሥር አይነቅልም። የደም ግፊት መድኃኒት ግፊትን ተቆጣጥሮ እንደሚያቆየው ሁሉ ይህም ምልክቱን ተቆጣጥሮ ያቆያል። ጊዜም ይፈልጋል። እረፍት ማጣቱና እንቅልፍ ማጣቱ በቀናት ውስጥ ሊሻል ይችላል። ድምፁና የተዛባው እምነት ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መለሳለስ ይጀምራሉ እንጂ ወዲያው አይጠፉም። አንድ መድኃኒት «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ለማለት በትክክለኛ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሳምንት ውስጥ ሦስት ሐኪም ቤት ቀይረው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል፤ አንዱም ለመሥራት ጊዜ አላገኘም።

«ድኛለሁ» የተባለ ቀን

ወደ ወጣቱ ልጅ ልመለስ። ያን ሌሊት ከእናትየው ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ተነጋገርን። በማግስቱ ከአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር ተማክረን መድኃኒቱ በዝቅተኛ መጠን በተጀመረ ሪስፔሪዶን ተተካ። በሁለተኛው ወር ድምፁ ጠፋ። በአምስተኛው ወር በአንድ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረ። በስምንተኛው ወር ክኒኑን አቆመ። ለማንም አልነገረም፤ «ድኛለሁ፤ ለምን እውጣለሁ?» ነበር ምክንያቱ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ብዙዎችን የሚያታልል ነው፤ ምንም አልሆነም። በማግስቱ ደኅና ነው። በሳምንቱም ደኅና ነው። እንዲያውም ድብታው ለቀቀው፤ ነቃ ነቃ አለ። አንድ ሰው መድኃኒት አቁሞ ወር ሙሉ ደኅና ሲሆን «ቀድሞም አያስፈልገኝም ነበር» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ሕመም ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሳምንታትን ወይም ወራትን ቆጥሮ ነው የሚመለሰው። ልጁ በሦስተኛው ወር ሌሊት መተኛት ተወ። ቀጥሎ የአሠሪውን ስልክ አላነሳም አለ። ከዚያ አንድ ማለዳ ከቤት ወጥቶ ጠፋ፤ የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ በሌላ ከተማ መናኸሪያ ነው፤ እግሩ ቆስሎ ነበር።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ 65 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ስንቶች ላይ እንደተመለሰ አነጻጽሯል። መድኃኒቱን ከቀጠሉት ውስጥ በ27 በመቶዎቹ፣ ወደ ባዶ ክኒን ከተዛወሩት ውስጥ ደግሞ በ64 በመቶዎቹ ላይ ተመልሷል። ቁጥሮቹ ሁለቱንም ወገን ያስተምራሉ። መድኃኒት እየወሰዱም ሊመለስ ይችላል፤ ያቆሙ ሁሉ ላይም በአንድ ዓመት ውስጥ አልተመለሰም። ማን ላይ እንደሚመለስና ማን ላይ እንደማይመለስ አስቀድሞ መለየት ግን አንችልም። ሕመሙ በተደጋጋሚ ሲመለስ ደግሞ ቀድሞ የሠራው መድኃኒት በቀላሉ ላይመልሰው ይችላል፤ ሥራው፣ ትዳሩና ጓደኝነቱም በየጊዜው ይሸረሸራሉ።

ታዲያ እስከ መቼ? ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ሰው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቀጥል ይመከራል። ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ለተጨማሪ ዓመታት፣ አንዳንዱም ለዕድሜ ልክ ሊያስፈልገው ይችላል። መቀነስ ወይም ማቆም ከተፈለገ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት፣ በቅርብ ክትትል ይሆናል። በድንገት ማቆም ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው።

በአገራችን ያለው ችግር ግን ከማቆምም የሚቀድም ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዳረሰና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ሰዎች ውስጥ ቀደም ብለው ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ሰፍቷል። ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር የሚታወሰው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ለስድብ መዋሉ ያሳዝነኛል፣ ስንቱን ሰው ለቤተሰቡ የመለሰ ቤት ነውና። ዛሬ በጅማ፣ በጎንደር፣ በመቀሌና በሌሎችም ሆስፒታሎች ሕክምናው ይሰጣል፤ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ይንገሩን

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እነዚህ መድኃኒቶች ቀላል መድኃኒቶች አይደሉም። ሕሙማን «ከብዶኛል» ሲሉ ሰበብ እየፈለጉ አይደለም። ግን አብዛኛው ችግር መፍትሔ አለው፤ መፍትሔው የሚገኘው ደግሞ ለሐኪሙ ሲነገር ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተን «እግሬ አያርፍም» የሚለው ነው። አካቲዥያ ይባላል። ሰውየው መቀመጥ አይችልም፤ ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ቆሞም እግሩን ይቀያይራል፤ ውስጡ ይረበሻል። ቤተሰብ «በሽታው ተነሳበት» ይላል። ሐኪሙም ሳያጣራ መጠኑን ከጨመረ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ይህ ስሜት ሰውን ራሱን እስከ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርስ ይችላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መቀየር ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ሌላ መድኃኒት መጨመር ነው። እንግዲህ ወደ ሐኪም ሲመጡ «ተረበሸ» ብቻ አይበሉ። መቼ እንደጀመረው፣ መጠኑ ከተጨመረ ስንት ቀን እንደሆነው፣ መቀመጥ አቅቶት እንደሆነ ይንገሩን።

ሌላው መገተር ነው። እርምጃው ያጥራል፣ እጁ ሲራመድ አይወዛወዝም፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ፊቱ ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። «መድኃኒቱ አደነዘዘው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መጠኑ ሲቀነስ ይሻላል፤ ብዙዎች «አርቴን» በሚል ስም የሚያውቁት ትሪሄክሲፌኒዲልም ይታዘዝለታል። አርቴን ራሱ ግን አፍ ያደርቃል፣ የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ የማስታወስ ችሎታን ይቀንሳል፣ ያለ አግባብ የሚጠቀሙበትም አሉ፤ ስለዚህ ለማያስፈልገው ሰው ለዓመታት መቀጠል የለበትም። መድኃኒቶቹን ለረጅም ዓመታት ሲወስዱ ደግሞ ከንፈርን፣ ምላስን ወይም መንጋጋን ያለ ፈቃድ የማንቀሳቀስ ችግር ሊመጣ ይችላል። ይህኛው አንዳንዴ ሳይመለስ ይቀራልና ገና ሲጀምር፣ ማለትም አፉ ሳያኝክ የሚያኝክ መምሰል ሲጀምር፣ ማሳየት ያስፈልጋል።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች መገተሩን ይቀንሱ እንጂ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የምግብ ፍላጎትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ክብደትና የደም ስኳር ይጨምራሉ። መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደትዎን ተመዝነው ይጻፉት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግመው ይመዘኑ፤ የደም ስኳርና የደም ግፊት ምርመራም ይጠይቁ። የሌሊት ሽንት መብዛትና ከባድ ጥማት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስዱ ሰዎች ቆዳቸው በፀሐይ በቀላሉ ይቃጠላልና ጥላና ኮፍያ ይያዙ፤ ከአልጋ ሲነሱም ጥቂት ተቀምጠው ይነሱ፤ ራስ ሊያዞራቸው ይችላል።

የሚያሳፍር ተብሎ የማይነገረው ደግሞ ከሁሉም በላይ መድኃኒት ያስቆማል። ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የሴቷ የወር አበባ ይቀራል፤ ሳትወልድ ወተት ሊወጣት ይችላል፤ እሷም «መካን አደረጉኝ» ብላ ትተወዋለች። ወንዱ የወሲብ ፍላጎቱ ይጠፋል ወይም አቅም ያንሰዋል፤ ለሐኪም ከመናገር ክኒኑን መጣል ይቀለዋል። ሁለቱም መድኃኒቱን በመቀየር ወይም መጠኑን በማስተካከል ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው። ሐኪሙ ካልጠየቀዎት እርስዎ ይጀምሩት፤ እኛ ይህንን ሰምተን አንደነግጥም። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴትም ብትሆን በራሷ አታቁም፤ ቀድማ ታማክር። በእርግዝና ጊዜ ሕመሙ መመለሱ ለእናትም ለጽንስም አደጋ አለው።

ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ነገሮችም አሉ። ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መድረቅ፣ ከላብና ከግራ መጋባት ጋር ከመጣ ከወባና ከሌላ ኢንፌክሽን በተጨማሪ መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው፣ ብዙ የማያጋጥም ግን ሕይወት የሚያጠፋ ችግር ሊሆን ይችላል። የሚወስደውን መድኃኒት ይዘው ይሂዱና ለተረኛው ያሳዩ። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ሰውም ብቻውን አይተው።

ጠበል፣ ጾምና ጫት

ብዙ ቤተሰቦች ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ጠበል ቤት፣ መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት ደርሰዋል። እኔ ማንንም «አንዱን ምረጡ» ብዬ አላውቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጠበል ሲገቡ ክኒኑ አይቅር። ብዙዎቹ እነዚህ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ጾም ላይ ያለ ሰውም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሰው ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር እንዲችል ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያነጋግር። መድኃኒት መውሰዱን ለሚያጠምቁት አባት ይንገሯቸው፤ «ልጄ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው። ማሰርና በሰንሰለት ማቆየት ግን ቁስልና ሐዘን ከመጨመር በቀር ሕመሙን አያድነውም።

ስለ ጫት ግን እንዲህ አልለሳለስም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዶፓሚንን ይጨምራል። መድኃኒት እየወሰዱ ጫት መቃም በአንድ እግር ፍሬን ይዞ በሌላው ነዳጅ እንደ መስጠት ነው። ሲጋራ ደግሞ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በጉበት ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል። ማጨስ ሲጀምሩ መድኃኒቱ ያንሳል፤ በድንገት ሲያቆሙ ይበዛል። ማጨስ ማቆም ጥሩ ነው፤ ግን ለሐኪምዎ ነግረው ያቁሙ።

ክኒን ለሚረሱና ክኒን ላልሠራላቸው

በየቀኑ መዋጥ የሚከብደው ወይም የሚረሳ ሰው በየሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ። በእኛ አገር የሚታወቀው ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ነው፤ ብዙዎች «ሞዴኬት» ይሉታል። መርፌው ለቅጣት ወይም ለኃይለኛ ሰው የተዘጋጀ አይደለም። ሥራ የሚበዛባቸውና የክኒን ላስቲክ ይዘው መታየት የማይፈልጉ ሰዎች ራሳቸው ይመርጡታል።

ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ካልሠሩ ተስፋ አይቁረጡ። ከሦስት ሕሙማን አንዱ ያህል በዚህ ውስጥ ነው። ለእነሱ ክሎዛፒን አለ። ታሪኩ አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት የተወሰኑ ሰዎች ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ ስለሞቱ በብዙ አገር ከአገልግሎት ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ሌላ መድኃኒት እምቢ ካላቸው ሕሙማን 30 በመቶዎቹ በክሎዛፒን እንደተሻላቸው፣ በክሎርፕሮማዚን ግን 4 በመቶ ብቻ እንደተሻላቸው አሳየ። በደም ምርመራ ክትትል ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ደሙን ይመረመራል፤ ጉሮሮ ሲያመውና ሲያተኩሰው በዚያው ቀን ይመጣል። የሆድ ድርቀቱንም ችላ አይበል፤ በክሎዛፒን ጊዜ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ለቤተሰብ

ከድምፁ ጋር አይከራከሩ። «የለም፣ ማንም አያወራህም» ከማለት «ለእኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ ይገባኛል» ማለት ይሻላል። መድኃኒቱን በሻይ ወይም በወጥ ደብቀው አይስጡ። የሚያደርጉት ከጭንቀት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን «ምግቤን ይመርዙታል» ብሎ የሚፈራ ሰው አንድ ቀን ያገኘው እንደሆነ ፍርሃቱ እውነት ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ከእጅዎ ምግብም መድኃኒትም አይቀበልም። እምቢ ካለ ለባለሙያ ይንገሩ፤ መርፌውንም ያንሱበት። የእንቅልፍ መቀነስ፣ ከሰው መሸሽ፣ ለብቻ ማጉረምረም ሲጀምር ሳምንት አይጠብቁ፤ ደውሉ ወይም ይዘው ይምጡ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ከጠፋም እስኪገኝ ብለው አያቋርጡ፤ የሚተካው ሌላ አለና ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።

ያ ወጣት ከመናኸሪያ ተመልሶ መድኃኒቱን እንደገና ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማታ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግቶ ሲገባ ራሱ ይውጠዋል። ባለፈው ቀጠሮው እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ይጫነኛል፤ ትንሽ መቀነስ እንችላለን ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እናትየው ደንግጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ለአእምሮ ሐኪሙ ደውዬ ተነጋገርን፤ ጥቂት ቀንሰን ከአራት ሳምንት በኋላ እንዲመጣ ተስማማን። እንቅልፉ አንድ ሌሊት እንኳ ቢዛባ እንደሚደውልልኝም ቃል ገባ። እናትየው የቀጠሮ ካርዱን ከእጁ ሊቀበሉት ሲሉ «ተይው እማዬ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።